የገጽ ዘጠና አራቷ ሴት

የወሩን ዜና ጽፋ ከእኩሌታ በላይ አድርሳዋለች። የማኅበረሰብ ጥናት መጻሕፍት የሚያወጣው አሳታሚ ድርጅት ሠላሳኛ ዓመቱን ቅዳሜ ያከብራል፤ በዚያው ዕለት አቅመ ደካማ ወላጆቻቸውን ቤት ውስጥ ስለሚያስታምሙ ሴቶች የተጻፈው መጽሐፍ የዓመቱን ሽልማት ይቀበላል። የድርጅቱን ወርኃዊ ዜና የምታዘጋጀው እሷ ናት። ሥራ አስኪያጁ ከመጽሐፉ አንባቢ የሚይዝ ጥቅስ እንድታስገባ ነግሯት፣ ገጹንም ራሱ አጥፎ ሰጥቷታል፤ ዘጠና አራት።

መገልበጥ ጀመረች።

«የእናቴን ገላ የማጥበው እኔ ነኝ። ሳሙና ዓይኗ ሲገባ ግን የምትጠራው ታናሽ እህቴን ነው። ‹እሷ ብትሆን እንዲህ አታደርገኝም› ትላለች። እህቴ በወር አንዴ ብርቱካን ይዛ ትመጣለች፤ ጫማዋን ሳታወልቅ ትሄዳለች።»

መገልበጧን ትታ ስለ ተናጋሪዋ የተጻፈውን ፈለገች። ስም የለም፤ «ያላገባች፣ ሃምሳ ሁለት ዓመት» ብቻ ይላል። ብርቱካኑን ግን አወቀችው።

ጥቅሱን ሰረዘችና ገጽ መቶ ሁለት ላይ ስለ ምርቃትና ትዕግሥት የሚያወራ ለስለስ ያለ ሌላ አገኘች። እሱን አስገብታ ኮሪደር ወጣችና ለታላቅ እህቷ ደወለች።

እህቷ አልካደችም። መጽሐፉን የጻፈችው አጥኚ ሁለት ቀን ቤት ድረስ እንደመጣች፣ ስሟ እንደማይወጣ ቃል እንደገባችላት ረጋ ብላ ነገረቻት። ከጀርባ የእናታቸው ሳል ይሰማል።

«ምነው ለኔ ሳትነግሪኝ፣ እትዬ?»

«መቼ ልንገርሽ? ተቀምጠሽ ታውቂያለሽ?» አለች እህቷ። «አልወቀስኩሽም። እማዬን ባስታመምኩበት አሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ‹አንቺስ እንዴት ነሽ?› ብሎ የጠየቀኝ ሰው እሷ ብቻ ናት። ስትጠይቀኝ መለስኩ።»

ታናሽየዋ ጥቅሱን ለዜናው መርጠውት እንደነበር፣ እሷ ግን እንዳወጣችው ተናገረች።

«ለምን? ውሸት ነው እንዴ?»

«አይደለም።»

«እንግዲያው ይግባ።»

እህቷ ለበዓሉ ተጠርታ እንደሆነ ጠየቀቻት። የጥሪ ካርዱ ደርሷታል፤ ግን እናታቸውን ለማን ትታ ትሄዳለች? ጎረቤት ቢለምኑት ለአንድ ሰዓት ነው። ይህን ስትል ቅር ያላት አትመስልም፤ ስለ ዝናብ እንደምታወራ ነበር።

ወደ ጠረጴዛዋ ተመልሳ ገጽ ዘጠና አራትን እንደነበረ አስገባችው፤ ብርቱካኑንም ጫማውንም አልቀነሰችም። ሥራ አስኪያጁ አነበበና፣ «ይቺ ሴትዮ አንጀት ትበላለች» አላት። ቅዳሜ መድረክ ላይ ወጥታ እንድታነበው ሲጠይቃት፣ የቤት ጉዳይ ስላለባት ሌላ ሰው ያንብበው አለችው።

ከሥራ እንደወጣች እንደገና ደወለች።

«ቅዳሜ እማዬ ዘንድ እኔ እውላለሁ። አንቺ ሂጂ።»

«ቅዳሜ እኮ የገላዋ ቀን ነው» አለች እህቷ።

«እንግዲያው ዓርብ መጥቼ እዚያው ልደር። እንዴት ደግፈሽ እንደምታነሻት አሳዪኝ፤ እኔ አላውቅበትም።»