የማርያም ምንጣፍ

እኔ ንግሥቴ፣ ቡሬ ላይ በርበሬ የምሸጠው፣ በምላሴ የምታወቅ ሴት ነኝ። ልጄ ያምሮት ግን አፏን ከፈታች ጀምሮ ትንተባተባለች። አንዲት ቃል እስክታወጣ ፊቷ ደም ይመስላል። የሰፈር ሰው ደግሞ ሥራ የለውም፤ «ንግሥቴ የልጇን ድርሻ እሷው ተናግራ ጨረሰችባት» እያለ ያሾፍብኛል።

ጨነቀኝና ለማርያም ተሳልኩ። የልጄን አንደበት ከፈታሽልኝ ለቤተ መቅደስሽ ምንጣፍ አስገባለሁ አልኳት። ሰው ስለቱ ሲደርስ ነው የሚገዛው፤ እኔ ችኩሏ አስቀድሜ ቀይ ምንጣፍ ገዛሁና ጠቅልዬ ቁም ሳጥን ላይ ጫንኩት። ያምሮት ልትነካው በተንጠራራች ቁጥር «ተይ! የማርያም ነው!» እላታለሁ።

ዘንድሮ ናሁሰናይ የሚባል መምህር እነ ያምሮት ትምህርት ቤት መጣ። እንደ ያምሮት ምላሳቸው ለሚያዝ ልጆች የንግግር መለማመጃ ክፍል ልክፈት ብሎ ወላጆችን ሰበሰበ። ያለው ባዶ ክፍልና ሲሚንቶ ወለል ብቻ ነው። ልጆቹ ትንፋሽ ሲለማመዱ መሬት ላይ ይተኛሉ፣ አፋቸውንም በመስታወት እያዩ ያለማምዳሉ፣ እባካችሁ ያላችሁን እርዱን አለ። ጎረቤቴ እንቁ ብድግ ብላ «የቁመት መስታወት ከእኔ!» አለች። እልል ተባለ። ከዚያ ዞር ብላ ዓይኗን ጣለችብኝ። የእሷ ልጅ ሲለፈልፍ ነው የሚውለው፤ የምትረዳው የእኔን ልጅ ነው። እኔም ብድግ አልኩ።

«ምንጣፍ ከእኔ!» አልኩ። «ወለሉን ሙሉ የሚሸፍን!»

አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል ይባል የለ? የእኔም ታየ።

ሌላ እገዛለሁ ብዬ ነበር። ገበያው ቀዘቀዘ፣ ቀኑም ገፋ። እንቁ በደጄ ባለፈች ቁጥር «ንግሥቴ፣ የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ!» ትለኛለች፣ እየሳቀች። የወለዱት ስትል ሰውነቴ ሽምቅቅ ይላል። በመጨረሻ የሰው አፍ ፈራሁና የማርያምን ምንጣፍ አውርጄ ወሰድኩ። ያምሮት ስሸከመው ቆማ አየችኝ።

ከዚያ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ቀና ብዬ የማርያምን ሥዕል ማየት አቃተኝ። የባሰው ግን ልጅቱ ተሻላት! በዚያው ምንጣፍ ላይ በጀርባዋ ተኝታ በሆዷ መተንፈስ ተማረች፤ የቃሉን መነሻ ሳትቸኩል ማለስለስ ቻለች። እናት ይህን ስታይ ደስ አይላትም? እኔ ፈራሁ። ከዳነች ስለቱ ደረሰ፤ ስለቱ ከደረሰ ምንጣፉ የት አለ? ስለዚህ አፏን ስትከፍት ቃሉን እየነጠቅሁ እኔ እጨርስላት ጀመር። አንድ ቀን «እማ፣ አሁንኮ ተሻለኝ» አለችኝ።

«ምኑን! ገና ነሽ» አልኳት። ምላሴን በቆረጠው!

ክፍሉ ዘግይቶም ቢሆን የተመረቀ ዕለት የነፍስ አባቴ አባ ገብረሰንበት ሊባርኩ መጡ። መምህሩም የለጋሾችን ስም እንድትጠራ ያምሮትን አቆማት።

«መ... መስታወቱን የሰጡን እትዬ እንቁ ናቸው» አለች። እልል ተባለ። ከዚያ ወደ ወለሉ አየች። እኔ ልሞላላት ከንፈሬን አንቀሳቀስኩ።

«ምንጣፉ የማርያም ነው» አለች፣ አንዲት ቃል ሳይያዛት። «እናቴ ለማርያም ነው የገዛችው።»

እንቁ እንኳ አልሳቀችም። አባ በክርስትና ስሜ ጠሩኝ፤ «ወለተ ሐና፣ ስለት ነበር እንዴ?»

«አዎ አባ። አንደበቷ ከተፈታ ብዬ ነው።»

«ታዲያስ፣ ተፈታ?»

ገና ነው ብል ከዕዳዬ አመልጣለሁ። ያምሮት አፍ አፌን ታየኛለች።

«ተፈታ፣ አባ» አልኩና ፊቴን በነጠላዬ ሸፈንኩ። «ከሰው እንዳላንስ ብዬ የማርያምን ሰጠሁ። አጠፋሁ፣ ይፍቱኝ።»

አባ ወደ ምንጣፉ አዩ። «ይህ ከልጆቹ ሥር አይነሣም» አሉኝ። «ለእመቤታችን ሌላ ታስገቢያለሽ። ማንም ሳያይሽ፣ እልልታም ሳይኖር።»

«እሺ አባ።»

ወደ ቤት ስንመለስ ያምሮት እጄን ይዛ ብዙ መንገድ ሄደች።

«እማ፣ ለ... ለ...» አለች። ቃሉን ልነጥቃት አፌን በላኝ። ከንፈሬን ነክሼ ቆምኩ። አንድ ባጃጅ ጥሩምባውን እየነፋ አለፈን። አሁንም ጠበቅኋት።

«ለምን ገና ነሽ አልሽኝ?»

እኔ በምላሴ የምታወቀው ሴትዮ፣ ቤት እስክንገባ ድረስ የምላት አጣሁ።