እስከ ጥምቀት የተያዘች አልጋ

ጠጋ ጠጋ በሉ ልጆቼ፤ መደቡ ሰፊ ነው፣ ለሁላችሁም ይበቃል። በር ላይ የቆማችሁም ግቡና ዐረፍ በሉ። የምነግራችሁ ነገር ረጅም አይደለም፤ ግን ቆመው የሚሰሙት ዐይነትም አይደለም።

ልጄን ዓይናዲስን የምታውቋት ታውቋታላችሁ። ያገባችው ሳንጃ ነው፣ ባሏ ክንዱ ሰሊጥ ይነግዳል። የመጀመሪያ ልጇን በኦፕራሲዮን ወልዳ፣ ሕፃኑ ክርስትና ሳይነሣ ዐረፈ። ሁለተኛውን ስታረግዝ ሐኪሙ አስቀምጦ ነገራት። «ማሕፀንሽ አንድ ጊዜ ተከፍቶ የተሰፋ ነው። ምጥ እንደ ጀመረሽ ወዲያው መድረስ አለብሽ። ቀኑ ሲቃረብ ከሆስፒታሉ አትራቂ» አላት።

ለነፍሰ ጡሮች ማቆያ የሚባል ቤት ነበረ፣ ሞልቷል። እናቷ በሕይወት የለችም። ስለዚህ እኔ ከዳባት ጎንደር ወረድሁ፣ ክንዱ ደግሞ ስልክ ደውሎ ከሆስፒታሉ በላይ ካለች አንዲት ፔንሲዮን አልጋ ያዘልን። «እስከ ጥምቀት ይያዝልን» አለ፤ እነሱም «እሺ፣ እስከ ጥምቀት» አሉ፤ በስልኩ ሒሳቡን ላከ፣ አለቀ። በዚህ በኩል ማንም የዋሸ የለም።

ክፍሏ ጠባብ ናት፤ አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበር። እኔ ወለሉ ላይ ፍራሽ አንጥፌ እተኛለሁ። መስኮቱን ስንከፍት የሆስፒታሉ በር ቁልጭ ብሎ ይታያል።

«እዚሁ ሆነሽ ብትጣሪ ዘበኛው ይሰማሻል» እላታለሁ።

«ዘበኛውን ምን ላድርገው አባዬ፣ አዋላጇ ብትሰማኝ ነው እንጂ» ትለኛለች። ትስቃለች። መስኮቱን ካየች በኋላ እንቅልፍ ይወስዳታል። ሳንጃ ሳለች ሌሊቱን ስትገላበጥ ታድር ነበር አሉ።

የከተራ ዕለት ጧት በሩ ተንኳኳ። እንግዳ ተቀባይዋ ወንጌላዊት ናት፤ ሸጋ ልጅ፣ ንጹሕ አንሶላ ታቅፋለች።

«አባባ፣ እንደምን አደሩ። ስድስት ሰዓት ላይ ትለቁልናላችሁ አይደል? ቀድሜ ላጽዳ ብዬ ነው።»

«ምኑን ነው የምንለቅ?»

«ክፍሉን።»

«ምነው ልጄ? እስከ ጥምቀት ይዘነው የለም እንዴ?»

«አዎ አባባ፣ እስከ ጥምቀት። ይኸው ጥምቀት ደረሰ። ዛሬ ከተራ ነው።»

«ደረሰ እንጂ መቼ ዐለፈ? ታቦቱ ገና ከመንበሩ አልተነሣም። ሚካኤል ደብሩ ሳይገባ ጥምቀት አለቀ ያለሽ ማነው?»

ልጅቱ አንሶላውን እንዳቀፈች ቆመች። ልጆቼ፣ እናንተ ታውቁታላችሁ፣ እኛ ቀን የምንቆርጠው በበዓል ነው። «እስከ ጥምቀት እሰነብታለሁ» ያለ ዘመድ በዓሉን ውሎ፣ ታቦት ሸኝቶ፣ ቃና ዘገሊላን አክብሮ ነው መቋሚያውን የሚያነሣው። በከተራ ማለዳ እንግዳ «ተነሣ» የሚባልበት ቤት እድሜዬን ሙሉ አላየሁም። ፔንሲዮን ግን ሌላ አቆጣጠር አለው። ለእነሱ ጥምቀት ማለት ከአዲስ አበባ የሚመጣው እንግዳ የሚገባበት ቀን ነው። እንግዳው በከተራ ይገባል፤ እኛ በከተራ እንወጣለን።

ክንዱ ጋ ደወልን። «እንዴት አድርገው ነው የሚያስወጧት!» ብሎ ጮኸ፣ ስልኩ ተቋረጠ፣ ከዚያ ወዲያ አልገባ አለ። እሱም እንዳይመጣ የሳንጃ መንገድ ያን ሰሞን ተዘግቶ ነበር።

ወንጌላዊት ባለቤቱን ባሕር ዳር ደወለችለትና ስልኩን ለኔ ሰጠችኝ። ሰውየው ክፉ አይደለም። ረጋ ብሎ፣ «አባቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። የዛሬዎቹ እንግዶች ከመስቀል ጀምረው የያዙት ነው። ጎንደር ገብተዋል። እነሱን ወዴት ልመልሳቸው?» አለኝ።

«እኔንስ ወዴት ትመልሰኝ?» አልሁት።

«ሌላ ክፍል ቢኖር በነጻ በሰጠሁዎ» አለ። አመንሁት። ይኸ ነው የከፋው፤ አመንሁት።

ወንጌላዊት ስልኳን ተቀብላ፣ «እኔ እኮ ቁልፍ ሰጪ ነኝ አባባ» አለች፤ ዐይኗ ዕንባ ሞልቷል።

መቋሚያዬን ይዤ ወጣሁ። ከሆስፒታሉ እስከ ፒያሳ ያለውን አልጋ ቤት ሁሉ አንኳኳሁ። ከተማው ነጭ ለብሷል፤ ሰው ሁሉ ወደ ጥምቀተ ባሕሩ፣ ወደ ቀሐ ይወርዳል። እኔ በተቃራኒው ሽቅብ እየሄድሁ ከሰው ትከሻ ጋር እጋጫለሁ። አንዱ ሆቴል በር ላይ የቆመ ጎረምሳ ገና ሳልጨርስ ሳቀ።

«አያ፣ በከተራ አልጋ? የዘንድሮው አለቀ፤ ለከርሞ ልያዝልዎ?»

«ለከርሞስ ነፍሰ ጡር ልጄ ቆማ አትጠብቅህም» አልሁት። ነገሩ ሲገባው ኮፍያውን አወለቀና ይቅርታ ጠየቀኝ፤ ዘመዶቹ ጋ ደውሎ ሞከረልኝ እንኳ። የዘመዶቹም ቤት እንግዳ ሞልቶበታል።

ስመለስ እንግዶቹ ደርሰዋል። እኔ በልቤ መነጽር ያጠለቁ፣ ትልቅ ካሜራ ያንጠለጠሉ ጎበዛዝት ነበር የጠበቅሁት፤ ልጣላቸው ተዘጋጅቼ ነበር። እንግዳ መቀበያው ሶፋ ላይ የተቀመጡት ግን ሁለት አረጋውያን ናቸው። ወይዘሮ ፅዮን ይባላሉ፤ ባላቸው አቶ ኃይለ ጊዮርጊስ ግማሽ ጎናቸው በድን ነው፣ አንደበታቸውም ተይዟል። ቀሐ ወርጄ ውኃው ሲባረክ ላስነካው ብለው ተስለው፣ ከአዲስ አበባ ይዘዋቸው መጥተዋል። የሽማግሌው ራስ ወደ አንድ ጎን አዘንብሎ ሚስታቸው በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ይጠርጉላቸዋል።

እንዴት አድርጌ ልጣላ?

ቢሆንም የልጄ ነገር አስጨነቀኝና ተናገርሁ። «እመቤቴ፣ እርስዎ ቤተ ክርስቲያን ሳሚ ነዎት። እርስዎው ይፍረዱ። ጥምቀት የሚያልቀው መቼ ነው?»

ወይዘሮ ፅዮን ወንጌላዊትን አዩ፣ እኔን አዩ። ነገሩን ከልጅቱ ሰምተውታል፤ መልሳቸው የራሳቸውን መኝታ እንደሚያሳጣቸው ያውቃሉ። ሳያመነቱ፣ «ሚካኤል ሲገባ ነው። እርስዎ ልክ ነዎት» አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ግን ወንድሜ፣ እኔስ ይኸን ሰው ዛሬ የት ላስተኛው?» አሉኝ።

ሙግቱን ረታሁ። ረትቼ እዚያው ቆምሁ።

ያኔ ነው ደረጃው ላይ ኮቴ የሰማነው። ዓይናዲስ ናት፤ በአንድ እጇ የብረቱን መደገፊያ፣ በሌላው ቦርሳዋን ይዛ ትወርዳለች። ጫማዋን አድርጋለች፣ ጋቢዬንም አጥፋ ይዛዋለች።

«አባዬ፣ ይምጡ እንሂድ። ጠዳ አክስቴ አልማዝ አለች አይደል?»

«ወዴት ልጄ! ተመለሽ» አሉ ወይዘሮ ፅዮን፣ ከሶፋው ለመነሣት እየሞከሩ። «በማርያም ተመለሽ። እኛ ወንበር ላይ እናድራለን።»

«እኔ በእግሬ እሄዳለሁ፣ እርሳቸው አይችሉም» አለች ልጄ።

«አንቺማ ሁለት ነፍስ ነሽ።»

«እናንተም ሁለት ናችሁ» አለች። ቀልድ መሆኑ ነው። ማንም አልሳቀም።

ክፍሉን እንካፈል ተባለ፤ አንድ አልጋ ነው፣ ሽማግሌ ወንድ ያለበት፣ ወለሉም እሳቸውን ለማገላበጥ እንኳ አይበቃም። «በሞቴ ተመለሽ»፣ «በሞቴ አልመለስም» ሲባባሉ፣ ዓይናዲስ ጎንበስ ብላ የሽማግሌውን ጉልበት ሳመች። አቶ ኃይለ ጊዮርጊስ በደኅናው እጃቸው እጇን ያዙ። መናገር አይችሉም፤ ያዙና አልለቅ አሉ። ሚስታቸው ናቸው ጣት በጣት ያላቀቁት።

ይሉኝታ ነው ልጆቼ። ከእናቷ ጡት ጋር የጠባችው ነው። እናቷም ብትሆን ትነሣ ነበር። እኔም ብሆን እነሣ ነበር። አንድ ሰው እንኳ በዚያ ቤት ክፉ ሆኖ «አትነሺም» ብሎ በሩን ቢዘጋባት! ግን ሁላችንም ደጎች ነበርን።

መንገዳችን ላይ ሆስፒታል ጎራ አልን። አዋላጇ አየቻትና፣ «ገና ነው፤ ግን ቁርጠት ነገር ከተሰማሽ አንዲት ደቂቃ እንዳትቆዪ» አለቻት። ጠዳ ሩቅ አይደለም። አዘዞን ማለፍ ብቻ ነው። በደኅናው ቀን ማኪና ከተገኘ ሰው ጨዋታውን ሳይጨርስ ይደርሳል።

አክስቷ ዘንድ አደርን፤ አልማዝ አልጋዋን ለቀቀችላት። በማግሥቱ፣ በጥምቀት፣ ረፋድ ላይ ምጡ ጀመራት። አልቆየንም። አልማዝ ባጃጅ አስቆመች፣ ዓይናዲስን መሀል አድርገን ተሣፈርን። ባለ ባጃጁ ሸጋ ልጅ ነው፤ ጉድጓድ ባየ ቁጥር፣ «እትዬ፣ ይያዙ» እያለ ያዘግማል።

አዘዞ ስንደርስ መንገዱ ሰው ነው። የአዘዞው ታቦት ከጥምቀተ ባሕር ወጥቶ ወደ ደብሩ ይመለሳል። ከዳር እስከ ዳር ነጭ፤ ጎረምሶቹ ከፊት ምንጣፍ እያነጠፉ፣ ከኋላ እየጠቀለሉ ይሮጣሉ፣ ካህናቱ እርምጃ ሄደው ይቆማሉ፣ በመቋሚያ ይዘምማሉ፣ ደግሞ እርምጃ ይሄዳሉ። በታቦት ፊት ማን ያልፋል? ባለ ባጃጁ ሞተሩን አጠፋና ወርዶ አማተበ።

እኔ ወረድሁ። ሰዉን በእጄ እየገፋሁ፣ «ምጥ ላይ ናት፣ ምጥ ላይ ናት» እላለሁ። ከበሮው ድምፄን ይውጠዋል። የሰሙኝ ሁሉ ዞር ዞር አሉልኝ፣ «ማርያም ትፍታሽ» አሉ፤ ግን ከኋላቸው ሌላ ሰው፣ ከዚያም ኋላ ሌላ። አንድ ቄስ ሰሙኝና እጃቸውን ዘርግተው «አሳልፏት» አሉ። ጎረምሶቹ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሰዉን ወደ ዳር ይገፉ ጀመር። እንኳን ባጃጅ መርፌም አላሳለፈ። ከመንገዱ ዳር ቦዩ ነው፣ ሰዉ ወዴት ይሂድ?

ወደ ባጃጁ ተመለስሁ። ዓይናዲስ ከንፈሯን ነክሳለች።

«አባዬ፣ ታቦቱ ዐለፈ?»

«ሊያልፍ ነው ልጄ።» መጨረሻው አይታየኝም ነበር።

ጥቂት ቆይታ በረዥሙ ተነፈሰች። ፊቷ ላይ ያለው ጭንቅ ሁሉ ተፈታ። «አሁን ተወኝ» አለች። «ምጡ ተወኝ።»

እኔ ደስ አለኝ። መሬቱ ላይ ተንበርክኬ ታቦቱን አመሰገንሁ። አልማዝም እልል አለች። ምጥ ድንገት ሲተው፣ የተሰፋ ማሕፀን ላላት ሴት ምን ማለት እንደሆነ ማናችንም አናውቅም ነበር። ሰዉ ተከፍሎ ስናልፍ ዓይናዲስ ጭንቅላቷን ትከሻዬ ላይ ጥላ ዝም ብላለች። የተኛች መስሎኝ ጋቢዬን አለበስኋት።

ሆስፒታሉ በር ላይ ያዩአት ነርሶች በሩጫ ወሰዷት። ከዚያ በኋላ የጠበቅሁትን አልነግራችሁም፤ የጠበቀ ያውቀዋል።

ሐኪሙ ወጥቶ ከጎኔ ቁጭ አለ። ወጣት ነው፤ እንደ ቆመ ቢነግረኝ እንደማልችል የገባው መሰለኝ። «ሴት ልጅ ናት፤ አለች፣ ትተነፍሳለች። እናቲቱም ትተርፋለች» አለኝ። ላመሰግነው ስል ክንዴን ያዘ። «ማሕፀኗ ተቀዶ ነበር። ደሟን ለማቆም ማውጣት ነበረብን። ከእንግዲህ አትወልድም፣ አባቴ። ትንሽ ቀደም ብላ ብትደርስ...» ብሎ ቃሉን ሳይጨርስ ተወው።

እስቲ ማንን ልክሰስ? ቀኑን በበዓል የቆረጠውን ክንዱን? ቁልፍ ሰጪዋን? ከመስቀል ጀምሮ የያዙትን አረጋውያን? ታቦቱን? ሌሊት እየተነሣሁ ሁሉንም አንድ በአንድ ዳኛ ፊት አቆማቸዋለሁ፤ ሁሉም እውነቱን ይናገራል፤ ሁሉም ነጻ ይወጣል። ልጄ ብቻ ትቀራለች።

በሚካኤል ዕለት ወይዘሮ ፅዮን እየጠየቁ የተኛችበት ድረስ መጡ። ወንጌላዊት ናት የነገረቻቸው። ቁልፉን በእጃቸው ይዘውታል። «ክፍሉን ለቀናል፤ ትረፍበት ብዬ ነው» አሉ፣ ራሳቸውም የሚሉትን እያወቁት አይመስሉም። ከዚያ ሕፃኗን አይተው አለቀሱ። ዓይናዲስ ናት የምታጽናናቸው። «አያልቅሱ እማማ፣ አንድ አለችኝ» ትላቸዋለች፤ እጇን ዘርግታ ዕንባቸውን ትጠርጋለች። ባለቤታቸው እንዴት እንደሆኑ ጠየቀቻቸው። «ውኃው ደርሶታል» አሉ እንጂ ዳነ አላሉም፤ እኛም አልጠየቅንም።

ክንዱ መንገዱ ተከፍቶ የደረሰው ከዚያ በኋላ ነው። ሕፃኗን ታቅፎ መስኮቱ ሥር ቆመ፤ ለረዥም ጊዜ ፊቱን ወደኛ አላዞረም።

እንግዲህ ልጆቼ፣ ለታላቅ መነሣትን ያስተማርናችሁ እኛ ነን፤ ሸጋ ነገር ነው፣ አትተዉት። አንዲት ነገር ብቻ እለምናችኋለሁ። ጊዜዋ የደረሰ ሴት ለሌላ ስትል ከቦታዋ ስትነሣ ያያችሁ እንደሆነ፣ እሷ «ግድ የለም» ብትላችሁም አትመኗት፤ እጇን ይዛችሁ መልሳችሁ አስቀምጧት። ያን ጊዜ ዓይናዲስን አስታውሱልኝ።