የእማዬ ሮዝ ክር

አባቴ የሥራ ዕድሜውን የጨረሰው በማተሚያ ቤት አራሚነት ነው። ዓይኑ ከደከመ ሁለት ዓመት ሆነው፤ አሁን መስኮቱን ከግድግዳው ቢለይ ነው። ከዚያ ወዲህ የማነብለት እኔ ነኝ። እኔ ደግሞ ቀኑን ሙሉ በእግሬ ቆሜ የምውል ፀጉር ሠሪ ነኝ። ቤት ገብቼ ወንበር ላይ ዘፍ ስል፣ “ትንሽ ብቻ፣ ልጄ” ይለኛል። እውነቱን ልናገርና፣ ሲደክመኝ ዓይኔን በጨው አጥቤ ገጽ እዘል ነበር።

ኮምፒውተሩን የገዛነው ለዚህ ነው። ጽሑፍ ጮክ ብሎ የሚያነብ ፕሮግራም አለው። ባለፈው ዓመት ያነበብኩለትን ወፍራም ልብ ወለድ እዚያው የገዛንበት ሱቅ አስጭነንበት አመጣነው። ካልተስማማችሁ እስከ ሦስት ቀን መልሱ ብለውናል።

በመጀመሪያው ቀን ሁሉን ሰካክቼ አስነሳሁትና አባዬ ቁልፉን ተጫነ። ጭጭ። ፊደሎቹ ስክሪኑ ላይ ይሄዳሉ፣ ድምፅ ግን የለም። ሱቁ ጋ ደወልኩ። ቴክኒሻኑ በስልክ እየመራ የኮምፒውተሩን ክፍሎች ዝርዝር ሲያስከፍተኝ ድምፅ ከሚያወጣው ከሳውንድ ካርዱ ስም አጠገብ ቢጫ ምልክት አገኘሁ።

“ድራይቨሩ አልተጫነም፣ እህቴ። ካርዱን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያስተዋውቀው እሱ ነው። አብሮ የመጣውን ሲዲ አስገቢ።”

ጫንኩት፤ ቢጫው ጠፋ። ድምፁ ግን ወይ ፍንክች! በማግስቱ አጥፍቼ እንደገና ጫንኩ፤ ድምፁንም እስከ መጨረሻው ከፍ አደረግሁ። አሁንም ጭጭ። ደሜ ፈላ። ያን ዕለት ሦስት ደንበኞች ፊቴን አይተው ምን ሆንሽ ብለውኛል።

ሦስተኛው ቀን የእረፍት ቀኔ ነበር። አባዬ ቁርሱን በልቶ ሲያበቃ ባዶውን ካርቶን በዳበሳ አምጥቶ እግሬ ሥር አስቀመጠው።

“በቃ መልሺው። እኔስ ብሆን በዚህ ዕድሜዬ ምን አጓጓኝ?”

አንጀቴን በላው። ያን ቀን ቢመለስ ሁለተኛ ምንም ነገር እንደማይሞክር አውቃለሁ፤ አባቴ አይደል። ለመጨረሻ ጊዜ ደወልኩ።

“ስፒከሩን የት ነው የሰካሽው?” አለ ቴክኒሻኑ።

“ሮዙ ቀዳዳ ላይ።”

“እሱማ የማይክሮፎን ነው! የስፒከሩ አረንጓዴው ነው።”

“አብሮት የመጣው ወረቀት ቀለሙን ከቀለሙ አገናኙ ይላል። የገመዱ ጫፍ ሮዝ ነዋ!”

“እህቴ፣ እኔ በሥራዬ ሮዝ የስፒከር ገመድ አይቼ አላውቅም።”

አጎንብሼ ነቀልኩት። ጣቴን ለስላሳ ነገር ነካው፤ ክር ነው። ዞር ብዬ ጥግ ላይ ኪሮሽ የምትሠራውን እናቴን አየኋት። አንድ ቀን ካውያ የነቀለች መስሏት ማቀዝቀዣውን ነቅላ የሳምንት ሥጋ ካበላሸች ወዲህ፣ በቤታችን ያለውን ገመድ ሁሉ በክር ምልክት ታደርግበታለች።

“እማዬ፣ ይህን የጠመጠምሽው አንቺ ነሽ?”

“ታዲያስ! ካርቶኑ የተከፈተ ዕለት፣ ገና ሳትሰኪው። ከኪሮሼ የተረፈኝ ሮዝ ብቻ ነበር” አለች፣ ኮራ ብላ።

ክሩን ስፈታው የገመዱ ጫፍ ከሥሩ አረንጓዴ ሆኖ ብቅ አለ። ትክክለኛው ቀዳዳ ላይ ሰካሁት። ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍ እንዳደረግሁት ረስቼ ኖሮ ኮምፒውተሩ ቤቱን በጩኸት አናጋው። እማዬ ኪሮሿን ጣለች፣ ቴክኒሻኑ በስልኩ ውስጥ ሳቀ፣ እኔ መሬት ላይ እንደተቀመጥኩ ለቅሶ መጣብኝ። እፎይ!

ድምፁን ቀነስኩለት። አባዬ ወንበሩን አስጠግቶ ጆሮውን ሰጠ። ብዙ ገጽ አዳመጠ።

“ይሄን ምዕራፍ ሰምቼው አላውቅም” አለ።

“አባዬ፣ እኔ እኮ…”

“አውቃለሁ። ደክሞሽ ነው። እኔም አውቄ ነው ዝም ያልኩሽ።”

ይቅርታ ልለው አፌን ስከፍት መዳፉን ከፍ አድርጎ አስቆመኝ፤ ማተሚያ ቤት ሳለ ሥራ ላይ የሚያናግረውን ሰው ዝም የሚያሰኘው እንደዚያ ነበር።

“ስትወጪ በሩን ዝጊልኝ፣ ልጄ። እያነበብኩ ነው።”