የራስጌው ኮኮናት

ኬሹ ሲሞት ራስጌው ዘይት የሚበራበትን ኮኮናት ራሴ ካልመረጥኩ አለ።

ዕድሜውን ሙሉ መሬት ላይ በተተከለ ሹል ብረት የኮኮናት ቃጫ ሲገፍፍ የኖረ ሰው ነው። አሁን ሳንባው አልቆ በረንዳው ላይ ተኝቷል። ሚስቱ የሞተች ጊዜ ራስጌዋ የተቀመጠው ገሚስ ኮኮናት ስንጥቅ ኖሮበት፣ አስከሬኗ ሳይነሣ ዘይቱ ፈሶ መብራቱ ጠፋ። ሰውም «በጨለማ ሄደች» አለ። ኬሹ ይህን አልረሳም።

«የእኔን ሳልሞት በዓይኔ ልየው» አለ ልጁን ታንካማን።

ታንካማ አልወደደችም። ኮኮናቱ እስኪገኝ አባቷ አይሞትም የሚል ሐሳብ በልቧ ገባ። ከጓዳው ክምር እያነሣች ታቀርብለት ጀመር።

«ነቅንቂው» አለ። ነቀነቀችው። «ውሃው አይሰማም፤ ደርቋል። መልሺው።»

ሌላ አመጣች።

«የአናቱን ዓይኖች አሳዪኝ። ሻግተዋል። ይሄን ለላም እንኳ አልሰጥም።»

ሦስተኛውን በጥፍሩ መታ መታ አደረገና ፊቱን አዞረ።

ጎረቤታቸው ፓሩ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ቅጠሏን ታኝካለች። «አንድ ሐሙስ የቀረው ሰው እንዲህ ሲያማርጥ አይቼ አላውቅም! ኬሹ፣ ሙሽራ ነው እንዴ የምትመርጠው?»

«ሙሽራማ ሳላያት አገባሁ። ደግነቱ እሷም አላየችኝም።»

ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ። ሳሉ ሲተወው ልጁን ጠጋ በይ አላት።

«ጆሮሽ ከእኔ ጆሮ ይበልጣል፤ ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ። ሆን ብለሽ ነው መጥፎ መጥፎውን የምታመጪው።»

ሦስተኛውን ኮኮናት ከአጠገቡ አነሣች።

«ኮኮናት ጠፋ ብሎ ሞት ደጅ ቆሞ አይጠብቅም። ሂጂ።»

ሄደች። ለመጠኑ ከባድ የሆነውን፣ ሲነቀነቅ ውሃው ሙሉ የሚሰማውን፣ ሦስቱ ዓይኖቹ ደረቅና ንጹሕ የሆኑትን አነሣች። አጠገቡ ቁጭ አለች።

«በባዶ መዳፍሽ አትያዢው። ጨርቅ አድርጊበት።»

«ዛሬ ነው እንዴ የጀመርኩት፣ አባዬ?»

«ዛሬ የምትከፍቺው የእኔን ነው።»

ጨርቅ አደረገች። ለስላሳውን ዓይን በምስማር በስታ ውሃውን ኩባያ ውስጥ አንጠፈጠፈች። አሸተተችው፤ ጣፋጭ ነው። ከዚያ ቆንጨራውን አዙራ ስለቱን ወደ ላይ አደረገችና፣ ኮኮናቱን እያሽከረከረች ወገቡን ዙሪያውን በጀርባው መታችው። ድምፁ ጎርነን ሲል አንዴ ጠንከር አድርጋ ስትመታው ለሁለት እኩል ተከፈለ። ኬሹ አውራ ጣቱን በጠርዙ ላይ አዞረ።

«ዘይት ጨምሪበት።»

«በቁም ያለ ሰው ራስጌ ዘይት አልጨምርም። ለመፈተኛ ውሃ ይበቃል።»

ሁለቱንም ገሚሶች ውሃ ሞልታ በደረቅ ሳንቃ ላይ አኖረቻቸው። ቆይታ አነሣቻቸው። ሳንቃው አልረጠበም። ኬሹ የኮኮናቱን ውሃ በማንኪያ ቀምሶ እንቅልፍ ወሰደው።

ግን የተከፈተ ኮኮናት አይቆይም። ከእሷ ቀድሞ የሸተተው እሱን ነው።

«ኮምጥጧል» አለ።

ታንካማ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች። ኮኮናቱ ኮምጥጧል፤ አባቷ ይተነፍሳል።

«ምን ያስቅሻል? ሌላ ክፈቺ።»

ሌላ ከፈተች፣ በውሃ ፈተነች። እሱም ኮመጠጠ። ከዚያ ወዲህ አላታለለችም፤ ከክምሩ ደህና ደህናውን ትመርጥ ነበር። የኮመጠጠውን ለዶሮዎች ትጥላለች። ዶሮዎቹ ወፈሩ። ኬሹ ግን የሩዝ አጥሚቱን መዋጥ ተወ፤ ቀጥሎ ውሃውንም ተወ። ኮምጥጧል የሚልበት ድምፅ ሲያጥረው በጣቱ ብቻ ያመለክት ጀመር።

አንድ ጠዋት ታንካማ ከመኝታዋ ተነሥታ እንደ ልማዷ መጀመሪያ ገሚሶቹን አሸተተች። ገና ጣፋጭ ናቸው። ጎንበስ ብላ ደግማ አሸተተች። ከዚያ ወደ አባቷ ዞረች። እግሩን ነካችው፤ ቀዝቅዟል።

ፓሩ ጩኸቷን ሰምታ መጣች። ዘይትና ፈትል አቀረበች።

«ትናንት የተከፈተ ነው። አዲስ አይሻልም?»

«እሱ ያየው ይሄን ነው» አለች ታንካማ።

ዘይቱን ሞላች። አንዱን ራስጌው፣ አንዱን ግርጌው በሳንቃ ላይ አብርታ አኖረች። ለቀስተኛ መጥቶ አጎንብሶ ያልፋል፤ እሷ ቀና አትልም። አስከሬኑ እስኪነሣ ድረስ እጇን ከገሚሱ ሥር እየሰደደች የሳንቃውን መድረቅ ትዳስስ ነበር።