ለክፉ ቀን የተቀመጠ ክብደት

በቱሉዝ የአውሮፕላን ነዳፊዎች ዘንድ ሥራ ሲወለድም ሲቀበርም ወይን ይቀዳል። የዚያን ቀን የተቀበረው ጭስ አልባው አውሮፕላን ነበር፤ ከፓሪስ ተነሥቶ በሃይድሮጂን ብቻ ቶኪዮ ይደርሳል የተባለለት። ኦዲል ካዛሌስ ወጣትነቷን የጨረሰችው የዚህን አውሮፕላን ነዳጅ ታንክ ስትነድፍ ነው። ልጇን እንኳ በሁለት ስብሰባ መካከል ነው የወለደችው እያሉ ይቀልዱባታል። ጠዋት የድርጅቱ አለቆች መጡና ቁርጡን ተናገሩ፤ «ከባድ ነው። ቶኪዮ ሳይደርስ ነዳጁ ያልቅበታል።»

ከሰዓት በኋላ ቋሊማ ተቆረጠ፣ ወይኑም በወረቀት ኩባያ ዞረ። ክንፉን የነደፈው ፋብሪስ ሞቅ ሲለው ምላሱ ተፈታ።

«አሁንማ ምን ቀረ፣ ልናገረው!» አለ እየሳቀ። «ክንፌ ያን ያህል ከባድ አልነበረም። ለክፉ ቀን ብዬ ወረቀቱ ላይ ትንሽ ኪሎ ጨምሬበት ነው። ሉሲየን ሁልጊዜ ቀንሱ ይል የለ? የምቀንሰው እንዳላጣ!»

«አንተ ሌባ!» አለችው የማረፊያ እግሮቹን የነደፈችው ማይሊስ። «ብቻህን መሰለህ? እኔም ጨምሬያለሁ።»

ሁሉም ሳቁ። ቁጥር አይዋሽም ይባላል፤ ጻፊው ግን ሰው ነው። ኦዲል አልሳቀችም። እሷም ታንኩ ላይ ጨምራ ነበር፣ ያውም ከሁሉም አብልጣ። ሁሉም የጨመሩትን በልቧ ደመረችው። ክፉውን ቀን የጠሩት ራሳቸው ናቸው። ኩባያዋን አስቀምጣ ወደ ዋናው መሐንዲስ ወደ ሉሲየን ቢሮ ሮጠች።

«ይደርሳል!» አለችው ሳታንኳኳ ገብታ። «ሉሲየን፣ ቶኪዮ ይደርሳል! ሁላችንም ጨምረንበት ነው እንጂ ቀላል ነው።»

ሉሲየን ዕቃውን ማሸጉን ተወ። ፊቱ አመድ መሰለ።

«እኔ ደግሞ፣» አለ ቀስ ብሎ፣ «መሐንዲስ የሥራውን ክብደት አቅልሎ ነው የሚያወራው ብዬ፣ በናንተው ቁጥር ላይ ጨምሬ ነው ለአለቆቹ ያቀረብኩት።»

«እንግዲያው ደውልላቸዋ! አሁኑኑ!»

«ምን ልበላቸው? ጠዋት የከበደው ከሰዓት ቀለለ ልበል? ተይ ኦዲል። እርስ በርሱ የሚዋሽ ሰው በሠራው አውሮፕላን አንቺስ ብትሆኚ ልጅሽን ታሳፍሪያለሽ?»

ፊቷን አዙራ ወጣች። በእሱም፣ በፋብሪስም፣ ከሁሉም ይልቅ በራሷ ተናደደች፤ ማልቀስም አማራት።

ስትመለስ ከአውሮፕላን ማረፊያው የተነሣ አሮጌ ጭሳም አውሮፕላን መስኮቱን እያንቀጠቀጠ አለፈ። ፋብሪስ በሩ ላይ ቆሟል። ሳቁ ጠፍቷል፤ እሱም መደመር ጀምሮ ኖሯል።

«ኦዲል፣ እውነቱን ንገሪኝ። ይደርስ ነበር እንዴ?»

ጠርሙሱን አንሥታ በእጁ የያዘውን ኩባያ ሞላችለት።

«አይደርስም ነበር፣» አለችው። «ሁላችንም ብንቀንስለትም አይደርስም ነበር። በል ጠጣ።»

ፋብሪስ በረጅሙ ተነፈሰና ጠጣ።