የመንግሥት ወንበር አንቀመጥም

አዲሱ የግብር ደንብ የወጣ ሰሞን፣ ሆስፒታሉ ምድር ቤት ያለችው የጥገና ክፍላችን ቤት የሚለቅ ሰው ግቢ መሰለች። ዕቃ ይወጣል፣ ዕቃ ይገባል፤ ሁሉም ያዛል፣ የሚታዘዝ የለም።

ደንቡ አጭር ነው። በመንግሥት ተቋም በኮንትራት የሚሠራ ሰው አሠራሩ እንደ ቅጥር ሠራተኛ ከሆነ፣ ግብሩም እንደ ቅጥር ሠራተኛ ከምንጩ ይቆረጥበታል። ሆስፒታሉ ደግሞ ለእኛ የሚሆን የሥራ መደብ የለውም። የግብር ቢሮው ባለሙያ መጥቶ “እነዚህማ ቅጥር ናቸው” ካለ፣ ቦርሳችንን አንጠልጥለን መውጣታችን ነው። አስተዳዳሪዋ ይህን ስትነግረን ቀና ብላ አላየችንም።

እኛ ሦስት ነን። ጋሽ ቧንቧ ውሃውንና ኦክስጅኑን ይይዛሉ። ፊውዝ የኤሌክትሪኩ ሰው ነው፤ ስሙን ያወጣንለት ግን ለጠባዩ ነው። እኔ የቀዶ ጥገና ዕቃ በእንፋሎት የሚቀቅለውን ማሽን እጠግናለሁ።

“እትዬ፣ ነጠላ ጫማሽን አንሺ” አለኝ ፊውዝ። “ነጠላ ጫማ ያለው ሰው ቤተኛ ነው። ቤተኛ ከሆንን አለቀልን።”

ነርሶቹ የሰጡንን የግድግዳ ሰዓት አወረደ። አምፖሉን ፈትቶ ከቤቱ ባመጣው ቀየረ። ቀጥሎ ወንበሮቹን መጎተት ጀመረ።

“ምን ልትሆን ነው?” አሉ ጋሽ ቧንቧ።

“የመንግሥት ናቸው! ይውጡ!”

“ጉልበቴስ? እሱንም መንግሥት ነው የሰጠኝ?”

“ጋሼ፣ አንድ ጠዋት ቢቆሙ ምን ይሆናሉ?”

መደርደሪያው ላይ ያለውን ጠርዙ የተሸረፈ ሰማያዊ ኩባያ ግን ሁለቱም አልነኩትም። እኔም አላነሳሁትም።

ልጄ ሌላ ከተማ ነው የምትኖረው፤ ልትወልድ ወሯ ገብቶ ነበር። “እማ፣ ትመጫለሽ?” ትለኛለች በየማታው። “ማሽኑን ለማን ትቼ?” እላታለሁ። ይህን ስል ስንት ዓመቴ።

ባለሙያው በጠዋት ከአስተዳዳሪዋ ጋር መጣ። ቀጭን ወጣት ነው። ሦስታችንም ፎቶ እንደሚነሳ ሰው ግድግዳውን ተደግፈን ቆመናል።

“ምነው ቆማችሁ?”

“የመንግሥት ወንበር አንቀመጥም” አለ ፊውዝ ደረቱን ነፍቶ።

ባለሙያው ዞር ብሎ ኮሪደሩን አየ። ወንበሮቹ ተደራርበዋል፤ ከላያቸው ሰዓቱ፣ ከሰዓቱ ላይ የእኔ ነጠላ ጫማ። ከንፈሩን ነከሰ። ይኼኔ የቀዶ ጥገና ክፍሏ ነርስ አንገቷን በበሩ አስገባች።

“የኛ ልጆች! ምሳ እንደ ሁልጊዜው አብረን ነን አይደል?”

“አናውቃትም!” አለ ፊውዝ።

“ምን? ትናንት ምሳዬን ጠራርጎ የበላውስ ማን ነበር?”

ጋሽ ቧንቧ ሳል ያዛቸው። ነርሷን በዓይን ጠቅሰን ሸኘናት።

ባለሙያው መጠየቅ ጀመረ። መሣሪያው የማን ነው? የራሳችን፤ ካቻቢቴ እንኳ ተበድረን አናውቅም። ሥራውን እንዴት እንደምትሠሩ ማን ያዛችኋል? “እነሱን ማን ችሎ!” አለች አስተዳዳሪዋ ከልቧ።

“እሺ። የመጨረሻውና ዋናው። በምትካችሁ ሌላ ሰው መላክ ትችላላችሁ?”

“ውሉ ላይ አለ” አለ ፊውዝ።

“መጻፉ አይበቃኝም። ሆኖ ያውቃል? አንዳችሁ ቀርታችሁ፣ ሆስፒታሉን ሳታስፈቅዱ ሌላ ሰው ልካችሁ ታውቃላችሁ?”

ፊውዝ ሰዓቱ የወረደበትን ምስማር ያያል። ጋሽ ቧንቧ አምፖሉን ያያሉ። ሁለቱም መልሱን ያውቁታል። እንጀራቸው እየሄደም እኔን ላለማየት ይታገሉ ነበር።

“እኔ ራሴ ምትክ ነኝ” አልኩ።

“የማን?”

“የባለቤቴ። ውሉ በሱ ስም ነበር። ታሞ ተኝቶ እያለ ማሽኑ እንፋሎት ያፈሳል ብለው ደወሉለት። ቦርሳውን ሰጠኝና ‘ሂጂልኝ፣ ለሁለት ቀን ነው’ አለኝ።”

“አስፈቅዳችሁ ነበር?”

“ማን ናት ብለን እንኳ አልጠየቅናትም” አለች አስተዳዳሪዋ። “ስሟን ያወቅነው ማሽኑ ከተሠራ በኋላ ነው።”

“ለምን ያህል ጊዜ ተኩት?”

“ሕመሙ እስኪወስደው። ከዚያ ውሉን በስሜ አዞርኩት።”

ወጣቱ አንገቱን ደፍቶ ጻፈ፣ ማህደሩን ዘጋ፣ ጉሮሮውን ጠረገ።

“አሁን አንድ ወንበር አስገቡልኝ። እኔ የመንግሥት ነኝ፤ መቀመጥ እችላለሁ።”

ተቀመጠና “ቅጥር አይደላችሁም፣ የራሳችሁ ሰዎች ናችሁ፤ በያዛችሁት ቀጥሉ” አለን። ፊውዝ ጮኾ ጋሽ ቧንቧን ከመሬት አነሳቸው። “አውርደኝ አንተ! ወገቤን!” ይላሉ፤ ግን ይስቃሉ። አስተዳዳሪዋ ራሷ ሰዓቱን ይዛ ገባች፤ አንድ ነጠላ ጫማ እንደተንጠለጠለበት።

ወንበሮቹን አስገብተን ሳንጨርስ ስልኬ ጮኸ። ልጄ ምጥ ይዟታል።

ዕቃውን ቦርሳው ውስጥ ከትቼ ለፊውዝ ሰጠሁት። የማሽኑን በር ጎማ ስቀይር አጠገቤ ቆሞ ብዙ ጊዜ አይቷል።

“ተካኝ። ለሁለት ቀን ነው” አልኩት።

ሳቁ ቆመ። “ትመለሻለሽ አይደል እትዬ?”

“እመለሳለሁ።”

የልጅ ልጄን አቀፍኩ፤ ሴት ናት፣ አገጯ የአያቷ ነው። በቀጠሮዬ ስመለስ ማሽኑ ያለ ሐሳብ ያንሾካሹካል፣ የባለቤቴ ሰማያዊ ኩባያ ታጥቦ ቦታው ላይ ተቀምጧል። ፊውዝ ወንበሬ ላይ ተንሰራፍቶ፣ ነጠላ ጫማዬን ተጫምቶ፣ ተረከዙ በስተኋላ ወጥቷል።

“ማንን ነበር የፈለጉት እመቤቴ?” አለኝ ድምፁን አጎርንኖ።

“ወንበሬን” አልኩት።