ያልደረሰው መጥሪያ

ውጫሌ ላይ ስልክን እንደ ባድሩ የሚፈራ ሰው የለም። ጉድ እኮ ነው፤ የከተማዋን የመጀመሪያ ስልክ ያነሳው እሱ ራሱ ነበር! የባጃጅ ነጂው ሁሉ ስልክ ጆሮው ላይ ለጥፎ በሚውልበት በዛሬ ጊዜ፣ ሰባ ስድስት ዓመት የሞላው የድሮ ስልከኛ ኪሱ ሲጮህ ይበረግጋል።

ያን ቀን ዙህር ሰግዶ በረንዳው ላይ እንደተቀመጠ የውጭ አገር ቁጥር ደወለለት።

«አባባ ባድሩ ነዎት?» አለች አንዲት ልጅ። «ከጂዳ ነው። የድሮው ስልከኛ የማያውቀው ሰው የለም ብለው ቁጥርዎን ሰጡኝ። ረቢያ የምትባል አክስቴን እየፈለግሁ ነው። አባቴ ኑርዬ ይባላል፤ ባለፈው ወር ወደ አኼራ ሄደ።»

ባድሩ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘጋው። ባለፈው ወር! ረቢያ ሚስቱ ናት፤ እዚያው ግቢ ውስጥ ምስር ትለቅማለች። ሞቷል ብላ ለዚሁ ወንድሟ አርባ ሦስት ዓመት ሙሉ ሶደቃ ስታወጣ ኖራለች።

ያኔ ለከተማው ያለው አንድ በእጅ የሚዞር ስልክ ነበር። ከሩቅ የሚደውል ሰው «እገሌን ለነገ አራት ሰዓት ጥሩልኝ» ይላል፤ ባድሩም መጥሪያ ጽፎ ቤት ድረስ ያደርሳል። መጥሪያ ያየ ሁሉ ሞት የመጣ እየመሰለው ሲጮህ ጊዜ ሽማግሌዎች መከሩ። «መርዶ በሽቦ አይነገርም» አሉት። «ወሬው ክፉ ከሆነ መጥሪያውን ተወውና ለኛ ንገረን። ጎህ ሲቀድ እኛ እንሄዳለን።» ደንቡ መልካም ነበር፤ የከፋው ባድሩ ነው።

አንድ ክረምት ከአሰብ ተደወለ። «ከሆስፒታል ነው፤ ስለ ኑርዬ። እህቱን ረቢያን ለነገ አራት ሰዓት…» ብሎ መስመሩ ተቆረጠ። ሆስፒታል፣ ያውም አሰብ! ባድሩ ሌላ ምን ይጠርጥር? መጥሪያውን ሳይጽፍ ለሽማግሌዎች ነገረ። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ረቢያ ደረቷን እየደቃች ወጣች።

አራት ሰዓት ላይ ስልኩ ጮኸ።

«እህቴ መጣች?» አለ ኑርዬ ራሱ፣ በደከመ ድምፅ። «ተጣልተን ነው የተለያየነው። ነገ ኦፕራሲዮን አለብኝ፤ ሳልገባ አውፍ ትበለኝ፣ ይቅር ትበለኝ።»

የለቅሶው ጩኸት በመስኮት ይሰማል። ሮጦ ቢነግራት ለቅሶው እልልታ ይሆን ነበር። ባድሩ ግን የከተማውን ሳቅ፣ የሽማግሌዎቹን ቁጣ፣ ከሥራ መባረሩን ፈራ።

«አልመጣችም» አለ።

ኑርዬ ዳግመኛ አልደወለም። ሞቶ ይሆናል እያለ ባድሩ ራሱን ደለለ። ሐዘንተኛዋን ሊያጽናና ሲመላለስ ወደዳት፣ አገባትም። ከዚያ ወዲህ በር በተንኳኳ፣ ስልክ በጮኸ ቁጥር ኑርዬ የመጣ ይመስለው ነበር። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል።

አሁን ስልኩ እንደገና ጮኸ። ባድሩ ወደ ግድግዳው ዞሮ አነሳው።

«ተቆርጦብን ነው አባባ? አባቴ እስኪሞት ድረስ ‹እህቴ አውፍ ላለማለት ስልኩን ትታ ቀረች› እያለ ያለቅስ ነበር። በሕይወት ካለች፣ ለሟች አውፍ እንድትለው ልለምናት ነው።»

ሞታለች ቢል ያልቃል። ሽማግሌዎቹ አፈር ከለበሱ ቆዩ፤ የሚያውቅ የለም። ያረቢ ሸሽገኝ አለ በልቡ። ያቺ የድሮዋ ውሸት ምላሱ ጫፍ ላይ መጣች።

«አንተ ሰውዬ» አለች ረቢያ ከኋላው። «ፊትህ አመድ መስሏል። ሰው ሞተ እንዴ?»

ዞሮ አያት። አርባ ዓመት ያህል አብራው የኖረች ሴት፣ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ትጠብቃለች። እሷን ማጣት ከሞት ይልቅ አስፈራው። ስልኩን ዘረጋላት።

«ያንቺ ጥሪ ነው» አለ። «ያኔ መጥሪያውን ሳልሰጥሽ ቀርቼ ነው።»

ረቢያ ምንም ሳይገባት ስልኩን ጆሮዋ ላይ አደረገች። የልጅቱ ድምፅ ከሩቅ ይሰማል፤ አንዴ የኑርዬን ስም ጠራ። ረቢያ እያደመጠች፣ ቀስ ብላ ወደ ባድሩ ዞረች።